የትከሻ ቅባት

በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ማንም ሳይጽፈው ሁሉም የሚያከብረው ሕግ ነበር። መጋዝ የግል ነው፣ መላጊያ የግል ነው፣ ዳቦም ቢሆን ባለቤቱ ካልጋበዘ የግል ነው፤ የትከሻ ቅባት ግን የሁሉም ነው። ጠዋት ማታ ጣውላ የሚሸከም ሰው ትከሻውን ሳያመው አይውልምና፣ ከሠራተኞቹ አንዱ ቅባት የገዛ እንደሆነ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። የፈለገ ይቀባል፤ ሲያልቅ ሌላው በተራው ይገዛል። «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ እንደ ስስት ይቆጠር ነበር። «ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ደግሞ ጭራሽ አልነበረም፤ ችግሩም የመጣው ከዚህ ነው።

የዚህ ሕግ ትልቁ ተጠቃሚ ዋናው አናጢ ነበር። ሰውየውን ሁሉም ዶዘር ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ ያዩት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። እሱም ስሙን ስለወደደው «ዶዘር» ተብሎ ሲጠራ ሳይታወቀው ደረቱን ይነፋል። ደግ ሰው ነው፤ የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ሥራ ያልገባውን ሳይሰለች ያስተምራል። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ስለማያውቀው ጉዳይ ሲናገር፣ ስለሚያውቀው ጉዳይ ከሚናገረው ይበልጥ እርግጠኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤታችን አይጠፋም፤ ምናልባትም ይህን በምናነብ ሰዎች መካከል ይኖራል።

አንድ ቀን ሥራው በተፋፋመበት ሰዓት የሥራ ቤቱ ሬዲዮ ስለ ወንዶች የእርግዝና መከላከያ ማውራት ጀመረ። ተመራማሪዎች ወንዶች የሚቀቡትና የሚውጡት መድኃኒት ለማግኘት እየሞከሩ መሆኑን ጋዜጠኛዋ በረጋ ድምፅ ታስረዳለች። ዶዘር መላጊያውን አስቀመጠና ወደ ሬዲዮው ዞሮ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«ነገ ደግሞ ጡት አጥቡ ሊሉን ነው» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ልቡን ሞቅ ስላደረገው ቀጠለ። መውለድም የሴት፣ መከላከልም የሴት ነው፤ ወንድ ልጅ ይሄን ነገር ነካ ማለት ድምፁ ይቀጥናል፣ ጢሙ ይረግፋል፣ ጣውላ ቀርቶ ወንበር ማንሳት ያቅተዋል እያለ አብራራ። ከየት እንዳመጣው የጠየቀው የለም። እሱ መድኃኒቱን ሊወስድ ይቅርና መድኃኒቱ ባለበት በር እንደማያልፍ ተናግሮ ወደ መላጊያው ተመለሰ። ሁሉም ሲስቅ ቀቢው ብቻ አንገቱን ደፍቶ፣ አስቀድሞ የለሰለሰ ወንበር በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍግ ነበር።

ቀቢው የተሠሩትን ዕቃዎች ቫርኒሽ የሚቀባው ዝምተኛ ወጣት ነው። መንታ ልጆች አሉት። ሚስቱ መንታዎቹን ስትገላገል ብዙ ተንገላታለች፤ ከዚያ በኋላ የሞከረችው መከላከያ ሁሉ አልስማማት ብሎ ባልና ሚስቱ ተያይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። እዚያ ለወንዶች ስለሚሆን ጄል ጥናት እየተካሄደ ኖሮ፣ ተመክረውና ተመርምረው ገቡበት። ጄሉ በየቀኑ ጠዋት ሁለቱም ትከሻ ላይ የሚቀባ ነው። ነርሷ አጥብቃ ያስጠነቀቀችው ነገር ቢኖር እስኪደርቅ ድረስ ሰው፣ በተለይ ሚስቱና ልጆቹ፣ ትከሻውን እንዳይነኩት ነው። መንታዎቹ ደግሞ ገና ዓይናቸውን ሲገልጡ የአባታቸው ትከሻ ላይ ካልወጣን የሚሉ ናቸው። ስለዚህ ብልቃጡን ይዞ ወደ ሥራ መምጣት ጀመረ። ሌላው ሳይገባ ቀድሞ ይደርሳል፣ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ይቀባል፣ ሲደርቅ ሸሚዙን ይለብሳል፣ ብልቃጡን ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ለባልደረቦቹ አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ ብሎ አስቦ ነበር። የዚያን ቀን ቀልድ ከሰማ በኋላ ግን አፉ ተያዘ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ደንበኛ መጥቶ ቀቢውን በጥድፊያ ሲያስጠራው ብልቃጡን አግዳሚው ወንበር ላይ ረስቶት ወጣ። የጽዳት ሠራተኛዋ ቤቱን ስታስተካክል አገኘችውና ቅባት በመሆኑ ቅባት ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ቀቢው ሲመለስ አየው፤ ደነገጠም። ግን በዚያ ቤት ከመደርደሪያው ላይ ቅባት አንስቶ ቦርሳ ውስጥ መክተት «ይሄ ሰው ምን ይደብቀናል?» ያስብላል። ብልቃጡ ደግሞ የትከሻ ቅባት አይመስልም፤ ማንም አይነካውም ብሎ ራሱን አጽናና። እዚያው ተወው።

ዶዘር የነካው በማግሥቱ ነው። ከፈተ፣ አሸተተ፣ የአልኮል ሽታው ወደ አፍንጫው ሲመጣ ጥሩ መድኃኒት ነው ብሎ ወሰነ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ አልሞከረም፤ ቅባት በአፍንጫ እንጂ በዓይን አይመረጥም ባይ ነው። መዳፉን ሞልቶ ግራና ቀኙን አሸው፤ ቀዝቀዝ አለው። እኩለ ቀን ላይ ትከሻው እንደ ጎረምሳ ትከሻ ቅልል እንዳለው ለሁሉም አበሰረ። ከዚያ ወዲያ ባሉት ቀናት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ሳይቀባ መላጊያ አይነካም። ቅባቱን የገዛውን ሰው ሳያውቀው መረቀው።

አሁን ደግሞ ወደ ዶዘር ቤት እንግባ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር ተክላ እየሠራች አራት ልጆች ታሳድጋለች። አራተኛውን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት ሞትን አይታ ነው የተመለሰችው። ሐኪሙም ከእንግዲህ ብታረግዢ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ይወድቃል ሲል በግልጽ ነግሯታል። ስለዚህ በየጥቂት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ ትወጋለች። መርፌው ግን አልተስማማትም። ራሷን ሲያማት የስፌት መርፌዋን ቀዳዳ መለየት ያቅታትና መጋረጃውን ጋርዳ ትቀመጣለች። ክኒን ብትቀይር ደም ግፊቷ ተነሣ፤ ወደ መርፌው ተመለሰች። የጤና ጣቢያው ነርስ በሄደች ቁጥር «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ፤ ሌላ አማራጭ አብረን እንፈልግ» ትላታለች። መልእክቱን ለባሏ ባደረሰች ቁጥር ደግሞ ያው መልስ ነው።

«እኔ ደግሞ እዚያ ሄጄ ምን እሠራለሁ? የሴቶች ወረፋ ነው።»

ይህን የሚለው ጠልቷት አይደለም። ይወዳታል፤ ከሥራ ሲመለስ የራስ ምታት ክኒን ሳይዝላት የገባበትን ቀን አታስታውስም። ክኒኑን አቀብሎ፣ ውኃውን ቀድቶ፣ ልጆቹን «እናታችሁን አትረብሹ» ብሎ ሲቀመጥ የባልነት ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ስንቶቻችን እንዲሁ ይመስለናል።

ጤና ጣቢያው የተሳታፊዎችን ብልቃጥ በየጊዜው ይመዝን ስለነበር ነገሩ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። ነርሷ ቀቢው ከመደርደሪያው አንሥቶ የወሰደላትን ብልቃጥ መዝና ቀና ብላ አየችው። አንድ ሰው ይህን ያህል ሊቀባ እንደማይችል፣ ሌላ ሰው እየተጠቀመበት ከሆነም ዛሬውኑ መቆም እንዳለበት ነገረችው። ቀቢው ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ጠዋት ሥራ ቤቱ ሲደርስ ዶዘር ሸሚዙን አውልቆ መደርደሪያው ላይ ቅባቱን ሲፈልግ አገኘው።

«የት ገባ ያ ቅባት? ትከሻዬ ለምዶታል እኮ» አለው ዶዘር።

«ጋሼ፣ እሱ የትከሻ ቅባት አይደለም።»

«ታዲያ ትከሻዬን እንዴት አዳነኝ?»

ቀቢው በሩን ዘግቶ ነገረው። የማን እንደሆነ፣ ለምን ሥራ ቦታ እንዳመጣው፣ ምን እንደሚከላከል፣ ለምንስ እስከዛሬ ዝም እንዳለ አንድም ሳያስቀር ነገረው። ዶዘር እየሰማ አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ሮጠና የቫርኒሽ እጅ በሚታጠብበት ሳሙና ትከሻውን ያሸው ጀመር። ብርጭቆ ወረቀት አለመጠቀሙ ራሱ ተመስገን ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሥራ ቤቱ አዲስ ዶዘር አየ። ከደንበኛ የታዘዘ የመኳኳያ ጠረጴዛ ነበርና በመስታወቱ ፊት ባለፈ ቁጥር አገጩን እያሻሸ ጢሙን ይመረምራል። ሰው ሲያናግረው ድምፁን ሆን ብሎ ያወፍራል። ማንም ሳያዝዘው ቁም ሳጥን ብቻውን ከጥግ ወደ ጥግ አንሥቶ ወሰደ፣ ትንሽ አሰበና ወደ ነበረበት መለሰው። መጋዝ ላይ የቆመው ባልደረባው ምን ሆነህ ነው ቢለው ቦታ እየመረጥኩ ነው አለው። ለምሳ ሲወጡ ግን ቀቢውን ወደ ጥግ ሳበና በጆሮው «እዚያ የሚሰጡህ ሰዎች ዘንድ ውሰደኝ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለው።

የጤና ጣቢያው መጠበቂያ ክፍል ሴቶች የሞሉበት ነው። ዶዘር ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ደፍቶ ያን ሰፊ ትከሻውን አጥፎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ቁም ሳጥን ብቻውን የሚሸከም ሰው ከአንዲት ጨቅላ ሕፃን ዓይን ሲሸሽ ዋለ ቢባል ማን ያምናል? ተራው ሲደርስ ነርሷ አስገባቻቸው። ጠና ያለች፣ ፊቷ የማይቸኩል ሴት ናት። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ መዳፍ ሙሉ መቀባቱ ላይ ሲደርስ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞር አለች እንጂ አልሳቀችም።

ለጥቂት ቀናት መቀባቱ ያሰበውን ያህል እንደማይጎዳው አስረዳችው። ጄሉ ሥራ የሚጀምረው ሰው በየቀኑ እየተቀባው ብዙ ሲቆይ ነው፤ ሲተወውም ሰውነቱ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቢሆንም ገና በጥናት ላይ ያለ መድኃኒት በመሆኑ፣ ተመርምሮ ከተመዘገበ ሰው በቀር ማንም ሊነካው እንደማይገባ ቆጣ ብላ ነገረችው። ደሙን አስመረመረችው፤ ደህና ነበር። ዶዘር በረጅሙ ተነፈሰ። ሊነሣ ሲል ግን ነርሷ ጥያቄ ነበራት።

«ለመሆኑ ምን ፈርተው ነው እንዲህ የተሯሯጡት?»

«ምን ያልፈራሁት አለ እህቴ? ራሴን ሊያመኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ልወፍር ነው፣ ጠባዬ ሊቀየር ነው፣ እንዲሁ ሆድ ሊብሰኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከሚስቴ ጋር መተኛትም ያስጠላኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ባለቤትዎ ምን ትጠቀማለች?»

«መርፌ።»

«ተስማምቷታል?»

አዎ ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ቀስ እያለ መናገር ጀመረ። ራሷን እንደሚያማት ተናገረ። የገዛ ቀሚሶቿን ጎን እየፈታች እንደምታሰፋ ተናገረ። ልብስ እየሰፋች ሳለ ምንም ሳትባል ዕንባዋ እንደሚመጣ፣ ማታ ማታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንደምትተኛ፣ እሱም በዚህ ተቀይሟት እንደሚያውቅ ተናገረ። በተናገረ ቁጥር ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። ቅድም ፈራሁ ብሎ የቆጠረውን ሁሉ አሁን የሚስቱ ኑሮ አድርጎ እየቆጠረው መሆኑን ጆሮው ሰማው።

«የራስ ምታት ክኒን እገዛላታለሁ» አለ በመጨረሻ። አነጋገሩ የልጅ ነበር።

ነርሷ አልተቆጣችውም። «እርስዎ ጥቂት ቀን ተቀብተው ሮጠው መጡ፤ መልካም አደረጉ። እሷ ግን መርፌውን መወጋት ከጀመረች ስንት ዓመቷ ነው? ለእሷስ የሮጠላት ማን ነው?» አለችው።

ዶዘር አፈረ። በሥራ ባልደረቦቹ ፊት ከማፈር የባሰ ሐፍረት መኖሩን ያን ጊዜ አወቀ። ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና «እንግዲያው እኔንም መዝግቢኝ» አላት። ነርሷ የጥናቱ ምዝገባ ከተዘጋ መቆየቱን ነገረችው። ዶዘር ቅር አለው፤ ተከራከረ።

«እኔ እኮ ልምድ አለኝ» አለ።

ይኼኔ ነርሷ አልቻለችም፤ ሳቀች። ቀቢው ተከተላት፤ ዶዘርም በገዛ ራሱ ሳቀ፤ ውጭ ወረፋ የያዙት ሴቶች ምን እንደተፈጠረ እስኪደነቁ ድረስ ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ነርሷ አዲሱ መድኃኒት እስኪወጣ መጠበቅ እንደማያስፈልግ አስረዳችው። ኮንዶም ዛሬም አለ። ልጅ በቃን ያሉ ባልና ሚስት ከሆኑ ደግሞ ለወንዱ የሚደረግ፣ ተኝቶ ማደር የማይጠይቅ ቀላል ቀዶ ሕክምና አለ። ይህኛው ግን ለዘለቄታው ተብሎ የሚደረግ ስለሆነ ከባለቤቱ ጋር ተማክሮ፣ አስቦበት እንዲመጣ ነገረችው።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መኪናዋ ላይ ነበረች። ክኒኑን ሳይሆን ወሬውን አስቀደመ። ከመደርደሪያው ጀምሮ ስለ ጢሙ፣ ስለ ቁም ሳጥኑ፣ ስለ ኮፍያው ነገራት። ሴትየዋ መጀመሪያ ዓይኗን አፍጥጣ ሰማችው፤ ከዚያ በስፌት መኪናው ላይ ተደፍታ ሳቀች፤ ልጆቹ ከውጭ ሮጠው እስኪመጡ ሳቀች። ዕንባዋን በተቆረጠ ጨርቅ ጠራርጋ ቀና ስትል ግን ባሏ አይስቅም።

«ለካ ስታመሚ የኖርሽው ለሁለታችንም ነው። እኔ ዞር ብዬ አላየሁም» አላት።

ጨርቁን አስቀምጣ «አሁን አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለችው።

«እሄዳለሁ።»

ሄዱ። በሴቶቹ ወረፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ጠየቁ፤ ተከራከሩ፤ ቤታቸው ተመልሰውም ደግመው ተነጋገሩበት። ከዚያ ዶዘር ቀዶ ሕክምናውን አደረገ። ከሥቃዩ ይልቅ የከበደው ለጥቂት ቀን ዕቃ እንዳያነሣ መከልከሉ ነበር። ሥራ ቤቱ ውስጥ ለምን ቆመህ ታየናለህ ሲሉት ሰበብ አልፈለገም፤ ሬዲዮውን ዘግቶ ከቅባቱ ጀምሮ ሁሉንም ራሱ አወራላቸው። የሳቁት ብዙ ነበሩ፤ ከዚህ ቀደም ያሳቃቸው እሱ ነውና አልከፋውም። መጋዝ ላይ የቆመው ባልደረባው ግን ነገሩ አልዋጥ አለውና «ታዲያ እንግዲህ ወንድ ነኝ ልትል ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ወንድነቴ እሷ በምትወጋው መርፌ ውስጥ ከነበረ፣ ድሮም አልነበረኝም ማለት ነው» አለው ዶዘር።

ያ ሰው ወደ መጋዙ ዞረ። ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ቀቢው ጠጋ ብሎ ጤና ጣቢያው የሚከፈትበትን ሰዓት ሲጠይቀው ተሰማ። ቀቢውም ከዚያ ወዲያ ብልቃጡን ስሙ በጉልህ በተጻፈበት ሳጥን ቆልፎ በሰው ፊት ያስቀምጠው ጀመር።

የዶዘር ሚስት የባሏ ቀዶ ሕክምና መሥራቱን ነርሷ በምርመራ እስክታረጋግጥ ድረስ በመርፌዋ ቆየች፤ ከዚያ ተወችው። ወራት አለፉ። አንድ ቀን ዶዘር ሜትሩን ቤት ረስቶ ኖሮ ሊወስድ በእኩለ ቀን ተመለሰ። በሩ ጋ ሲደርስ የስፌት መኪናውን ድምፅ ሰማ፤ ከመኪናው ጋር እየተከተለ የሚሄድ የሴት ዜማም ሰማ። ሬዲዮ መስሎት ገባ። ሬዲዮ አልነበረም። መጋረጃው ተገልጦ ብርሃን የሞላበት ክፍል ውስጥ ሚስቱ ጨርቅ በመርፌው ሥር እያሳለፈች ትዘፍናለች። መግባቱን አላየችም።

«መዝፈን ትችያለሽ እንዴ?» አላት።

ዘወር ብላ አየችው። «ሁልጊዜ እዘፍን ነበር እኮ። ራሴን ማመም ሲጀምረኝ ነው የተውኩት። ሳታገባኝ በፊትም፣ ካገባኸኝም በኋላ እዘፍን ነበር» አለችው። አልወቀሰችውም፤ እንዲያው እንደ ተራ ነገር ነው የነገረችው።

ዶዘር በቆመበት ቀረ። አንድ ዘፈን ከቤቱ ወጥቶ ሲጠፋ፣ ለዓመታትም ሲቀር፣ እንዳልታወቀው ሲገባው ደስታና ጸጸት እኩል ያዙት። ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ ጄል ይሁን ክኒን፣ ነገ የሚወጣ ይሁን ዛሬ ያለ፣ ያ የሐኪሞች ሥራ ነው። የእኛ ሥራ ቤታችን ገብተን ምን እንዳመማት፣ ምንስ እንደተወች መጠየቅ ነው። ልጅ የሁለት ሰው እንደሆነ ሁሉ እርግዝናን የመከላከልም ሸክም የሁለት ሰው ነው፤ ይህን ለማወቅ እንደ ዶዘር የሰው መድኃኒት እስክንቀባ መጠበቅ የለብንም።

ዶዘር ከልጆቹ ዱካ አንዱን ስቦ መኪናው አጠገብ ተቀመጠ።

«ድገሚልኝ» አላት።

«ሥራ የለህም?»

«ይቆያል።»

ሳቅ አለችና ጨርቁን አስተካክላ ከመጀመሪያው ጀመረችለት። የጠረጴዛውን እግር ለክቶ ለመቁረጥ ሜትር የሚጠብቁት ባልደረቦቹ የዚያን ቀን ብዙ ጠበቁ።